ደሙን ለይቶ የሚመታ ብርሃን

ሕፃን ፊቱ ላይ ቀይ ምልክት ይዞ ሲወለድ ጎረቤት «ማርያም ስማው ነው» ብሎ ያልፋል። ሐኪም ግን ዓይነቱን ይለያል። የዓይን ቆብ ላይ የሚታየው ፈዘዝ ያለ ቅላት ልጁ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ከተወለደ በኋላ በሳምንታት ውስጥ እያበጠ የሚመጣው ሄማንጂዮማ መታከም ካስፈለገው፣ የቦርዶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2008 ጥቅሙን ይፋ ያደረጉት የልብ መድኃኒት፣ ፕሮፕራኖሎል፣ አለለት። ሌዘር በዋናነት የሚፈለገው ከ1,000 ሕፃናት በሦስቱ ገደማ ለሚታየው ፖርት ዋይን ስቴይን ነው። ይህኛው በራሱ አይለቅም፤ ከልጁ ጋር ያድጋል፣ ዕድሜ ሲገፋም እየጠቆረና እየወፈረ ሊሄድ ይችላል። መነሻው ብዙውን ጊዜ ማህፀን ውስጥ ጂኤንኤኪው በተባለ ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ መሆኑ በ2013 ታውቋል። የሚወረስ አይደለም፤ እናትየዋ አምሯት ያልበላችው ምግብም እጁ የለበትም።

የቀድሞው የአርጎን ሌዘር ቅላቱን ቢያደበዝዝም ልጆች ላይ ጠባሳ ይተው ነበር። ብርሃኑ ቆዳው ላይ ስለሚቆይ ሙቀቱ ከደም ሥሩ አልፎ ዙሪያውን ያቃጥላል። ቦስተን ውስጥ ሮክስ አንደርሰንና ጆን ፓሪሽ በ1983 መላ አገኙለት፦ የደሙ ሄሞግሎቢን አጥብቆ የሚውጠውን ቢጫ ብርሃን መምረጥ፣ ሙቀቱ ወደ ጎን ሳይዛመትም ማጥፋት። ዛሬ የተለመደው ፐልስድ ዳይ ሌዘር በ595 ናኖሜትር የሚተኩሰው አንድ ምት ብዙ ጊዜ ከ2 ሚሊሰከንድ አይበልጥም። ልጁ የተወጠረ ላስቲክ ቆዳው ላይ እንደተለቀቀበት ያህል ይሰማዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥቁር ሐምራዊ ምልክት ለአንድ ለሁለት ሳምንት ይቆያል፤ አስቀድሞ ያልተነገራቸውን ወላጆች የሚያስደነግጠው ይኸው ነው።

ለእኛ ቆዳ ተጨማሪ ጣጣ አለው። ሜላኒንም ይህንኑ ብርሃን ይውጣል፤ የተዘረጋውም ከደም ሥሮቹ በላይ ነው። ስለዚህ ጠይም ልጅ ላይ ብርሃኑ ከፊሉ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ቆዳውንም ሊያቃጥል ወይም ቀለሙን ሊለውጥ ይችላል። ጠንቃቃ ሐኪም ጉልበቱን ቀንሶ፣ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ይጀምራል። ከእያንዳንዱ ምት በፊት የሚረጨው ቀዝቃዛ ጋዝም የላይኛውን ቆዳ ይጠብቃል። ብዙ ሐኪሞች በጨቅላነት መጀመርን የሚመርጡት ቆዳው ስስ፣ ምልክቱም ገና ጠባብ ስለሆነ ነው። እንዲያም ሆኖ በሳምንታት ልዩነት ብዙ ዙር ያስፈልጋል። ጨርሶ የሚለቅለት ጥቂቱ ነው፤ የብዙው ይደበዝዛል፣ ከዓመታት በኋላ መልሶ የሚጠቁርም አለ። «እናጠፋዋለን» የሚል ማስታወቂያ ደስ የማይለኝ ለዚህ ነው።

ምልክቱ ግንባርን ወይም የላይኛውን የዓይን ቆብ ከያዘ የዓይንና የነርቭ ሐኪም ይቅደም። ስተርጅ ዌበር በሚባለው ሕመም ግላኮማና የሚጥል በሽታ አብረው ሊመጡ ይችላሉ፤ የቆዳው ሌዘር ለሁለቱም ምንም አይፈይድም።