አፍ የትም አይሄድም

ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ፊት ስናገር ቃል ይጠፋብኛል፤ ካሜራ ፊት ደግሞ ይብስብኛል። የሞተር ሳይክል ቪዲዮ ልሥራ ብዬ ስነሳ ጓደኞቼ «መጀመሪያ አፍህን ፍታ!» ቢሉኝ አይገርምም።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ግን ሌላ መንገድ አሳየኝ። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሥራ የተከፋፈሉ 10 ሰዎች በቀን ከ48 ሺሕ በላይ ስፒል እንደሚያመርቱ ጽፏል። ለየብቻ ቢሠሩ 20 እንኳ ላይሞላላቸው ይችል ነበር።

እኔም ሥራዬን ከፋፈልኩት። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ስነዳ ዝም ብዬ እነዳለሁ፤ ሄልሜቴ ላይ ያለው ካሜራ ይቀርጻል። ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ምስሉን እያየሁ የምለውን ጽፌ ድምፄን እቀዳለሁ። ከተንተባተብኩ እደግመዋለሁ፤ ማን ያየኛል? የነፋሱ ጩኸትም በዚያው ተገላገለኝ።

«እየነዱ ማውራት ነው የሚያምረው» ለሚለኝ ሒሳብ አለኝ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በ1 ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ቃል ፍለጋ ለ2 ሰከንድ ሐሳቡ ከሄደ፣ 22 ሜትር በጭፍን ነዳ ማለት ነው። በዚያ መሐል ባጃጅ ድንገት ይታጠፋል፤ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ይወጣል። ትኩረት እንደ ብር ነው፤ እዚህ ካወጡት እዚያ የለም።

ዓይን አፋርነቴ ዛሬም አለ። ግን ማንንም በማይጎዳበት ሰዓትና ቦታ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ እታገለዋለሁ። የገዛ ድምፄን መስማት እንኳ እየለመድኩት ነው።

ጀማሪዎች ሆይ፣ መጀመሪያ እጅና ዓይናችሁ መንገዱን ይልመዱ። አፍ የትም አይሄድም።