የቼሪው ሣጥን ነፍስ ዘራ

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሴንትራል ዲስትሪክት ውስጥ፣ ቼሪ ጎዳና ላይ ባለች የአንድ አገራችን ሰው ቡና ቤት ተቀምጫለሁ። ከፊት ለፊቴ አምስት ልጆች አንድ ጠረጴዛ ከበዋል። ወላጆቻቸው ቡናው እስኪፈላ የአገር ቤቱን ወሬ ይሰልቃሉ። ልጆቹ ግን ትንፍሽ የለም። እያንዳንዱ የየራሱን የእጅ ጌም ይዞ አቀርቅሯል። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ፊት አያይም። የቤቱ ባለቤት ጋሼ ሲኒ እያቀራረቡ፣ «አየህልኝ? አምስት ልጅ አለ፤ ጨዋታ ግን የለም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ከልጆቹ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ጓዳው በር አጠገብ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ሰማያዊ የጌም ሣጥን ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ዶንኪ ኮንግ የሚባለው፣ ስሙኒ እየበላ የሚያጫውተው የድሮው ዓይነት ነው። ስሙኒ የምላችሁ የአሜሪካኑን 25 ሳንቲም ነው፤ አገር ተለወጠ እንጂ አፋችን መቼ ተለወጠ! ጋሼ ሣጥኑን የገዙት በ1990ዎቹ፣ ከሚዘጋ መጠጥ ቤት ነው። በዚያ ዘመን ታክሲ ነጂው ፈረቃው እስኪደርስ፣ የጋርፊልድ ተማሪው ወደ ቤቱ እስኪሄድ እዚህ ሣጥን ፊት ይሰለፍ ነበር። ስክሪኑ ከጠፋ አሥር ዓመት አልፎታል። የሚጠግነውም አልተገኘም።

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ሕንፃው ተሽጧል፤ ጋሼ በወሩ መጨረሻ እንዲለቁ ተነግሯቸዋል። ለሣጥኑ የቀረው ዕጣ ቆሻሻ መጣያ ብቻ መሰለ። ይህን ጊዜ ኮሌጅ የሚማረው ልጃቸው አንድ ሐሳብ አመጣ።

«አባዬ፣ የእኔን ስዊች ለምን ውስጡ አናስገባውም?»

ጋሼ ሳቁ። እኔ ግን የድሮው የጋዜጠኛ አመሌ ተነሣብኝና ነገሩን ተከታተልኩት።

ቀዮቹ ሣጥኖች

ለመሆኑ የአንድን የጌም ሣጥን ሆድ ዕቃ አውጥቶ ሌላ ማስገባት አዲስ ነገር ነውን? አይደለም። ዶንኪ ኮንግ ራሱ የተወለደው እንዲያ ነው፤ ያውም እዚሁ አጠገባችን። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980 የአሜሪካ ቅርንጫፉን ሲከፍት፣ ኃላፊነቱን የያዘው ሚኖሩ አራካዋ ራዳር ስኮፕ ለሚባል ጌም 3 ሺሕ ሣጥን አዘዘ። ዕቃው በመርከብ ተጉዞ እስኪደርስ የጌሙ ወረት አለፈበት። አንድ ሺሕ ያህሉ ተሸጠ፤ 2 ሺሕ ያህሉ ግን ተከማችቶ ቀረ። ኩባንያው ተከራይቶት የነበረው መጋዘን ከሲያትል በስተደቡብ፣ ታክዊላ ውስጥ ነበር።

ያን ሁሉ ሣጥን መጣል ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ እንዳለ ሆኖ ውስጡ ያለው ቦርድ ብቻ እንዲለወጥ ተወሰነ። አዲሱን ጌም እንዲፈጥር የታዘዘው ያኔ 30 ዓመት ያልሞላው ሽገሩ ሚያሞቶ ነው፤ ሥራውን በበላይነት የተቆጣጠረው ደግሞ ጉንፔይ ዮኮይ። በ1981 የመለወጫው ዕቃ ታክዊላ ሲደርስ፣ አራካዋና ባለቤቱ ዮኮ፣ የሲያትሎቹ አከፋፋዮች ሮን ጁዲና አል ስቶን፣ ከጥቂት ሠራተኞች ጋር ሆነው ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ፈትተው ቀየሯቸው። በዚሁ በሲያትል አካባቢ መጠጥ ቤት ገብቶ ሲሞከር በቀን 30 ዶላር ያህል መሰብሰቡ ይነገራል። በስሙኒ ሲቆጠር 120 መሆኑ ነው።

የመጋዘኑ አከራይ ማሪዮ ሴጋሊ ይባል ነበር። የዘገየ ኪራይ ሊጠይቅ መጥቶ ከአራካዋ ጋር ተጨቃጨቀ ይባላል። ሰዎቹም ጌሙ ውስጥ በርሜል እየዘለለ ለሚሮጠው ሰውዬ ስሙን አወረሱት። እንግዲህ ዓለም የሚያውቀው ማሪዮ የአንድ የኪራይ ጭቅጭቅ ትዝታ ነው ማለት ነው። ይህን ለጋሼ ባጫውታቸው፣ «ለእኔም አከራይ በስሙ አንድ ጌም ይሠራለታ!» ብለው አሳቁን።

የመጀመሪያዎቹ ዶንኪ ኮንጎች ቀይ ነበሩ፤ ቀይነቱ ከራዳር ስኮፕ የተወረሰ ነው። ኋላ የተሠሩት ሰማያዊ ሆኑ። ልጁ ይህን ስለሚያውቅ ከሰማያዊው ሥር ቀይ ቀለም ይገኝ እንደሆነ ብሎ የሣጥኑን ጎን በጥፍሩ ፋቀ። የለም። የጋሼ ሣጥን ከኋለኞቹ አንዱ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ከላይ ያነሣሁት ጉንፔይ ዮኮይ በ1980 ጌም ኤንድ ዋች የተባለውን የኪስ ጌም የፈጠረ ሰው ነው። በ1982 ዶንኪ ኮንግን ወደ ኪስ ጌም ሲያስገባው፣ ዛሬ ልጆቻችን በአውራ ጣታቸው የሚጫኑትን የመስቀል ቅርጽ ያለው ቁልፍ ሠራለት። በ1989 የወጣው ጌም ቦይም የእርሱ ቡድን ሥራ ነው። ስለዚህ ሣጥኑና «ልጆቻችንን ለያየብን» የምንለው የእጅ ጌም ባዕድ አይደሉም። ዘመዳሞች ናቸው።

«ይሄማ የበር ደወል ነው!»

ጋሼ ከመሰደዳቸው በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበሩ። ልጃቸው ግን አባቱን የሚያውቃቸው ሲኒ ሲያጥቡና ሒሳብ ሲቀበሉ ብቻ ነው። የሣጥኑ የጀርባ በር ተከፍቶ ልጁ እጁን ሊሰድ ሲል፣ «አንተ! እጅህን ሰብስብ!» ብለው ጮኹበት። እንዲያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።

ምክንያት ነበራቸው። የእነዚህ የድሮ ስክሪኖች ቱቦ ከ20 ሺሕ ቮልት በላይ ተሸክሞ ይሠራል። ሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን ኤሌክትሪኩን ቋጥሮ ሊቆይ ይችላል። ጋሼ የካቻቪቴውን ብረት በሽቦ ከግራውንዱ ጋር አገናኙና፣ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው፣ ጫፉን ቱቦው ላይ ከተለጠፈው የጎማ ቆብ ሥር አስገቡት። ብልጭታ አልታየም። «አሥር ዓመት ተኝቶም አይታመንም» አሉ። ሙያው የሌላችሁ አንባቢያን ይህን እንዳትሞክሩት አደራ።

የስክሪኑ ነገር ቀጠለ። ስዊች የሚልከውን ምስል የድሮው ቱቦ በቀጥታ አይቀበልም፤ ስለዚህ ስስ የኮምፒዩተር ስክሪን ያስፈልጋል። የዶንኪ ኮንግ ሥዕል ግን እንደ ቴሌቪዥን የተጋደመ ሳይሆን የቆመ ነው። ጋሼ ሜትር አውጥተው ለኩ። የድሮው 20 ኢንች ቱቦ በቁሙ 12 ኢንች ገደማ ስፋት ነበረው። የዛሬው 24 ኢንች ስክሪን በጎኑ ሲቆም ስፋቱ ያው 12 ኢንች ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከላይና ከታች ጥቁር ቦታ ይተርፋል እንጂ ሥዕሉ በቀድሞው መጠን ቁጭ ይላል።

የጆይስቲኩ ሥራ ደግሞ ከተጠበቀው በላይ ቀላል ሆነ። ውስጡ ያለው ለላይ፣ ለታች፣ ለግራና ለቀኝ አራት ማብሪያ ነው፤ ለመዝለያው ደግሞ አንድ ቁልፍ። ልጁ የእያንዳንዱን ሽቦ ከአንዲት ትንሽ ቦርድ ጋር አያያዘ፤ ከቦርዷ የወጣው ገመድ ስዊቹ ከሚቀመጥበት መቆሚያ ጋር ተገናኘ። ጋሼ አጎንብሰው አዩና፣ «ይሄማ የበር ደወል ነው!» አሉ። ወዲያው ፒንሳውን ከልጃቸው ተቀበሉ። ስሙኒ ስትገባ የምትነካውን ማብሪያ «ሳንቲም ገባ» ከሚለው ቁልፍ ጋር ያገናኟት እርሳቸው ናቸው።

አንድ ሕግ ብቻ አወጡ፦ ከሣጥኑ አንድም እንጨት አይቆረጥም። የወጣው ቱቦና ቦርድ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። «የሚጠግነው ሰው የመጣ ዕለት ወደ ቦታው ይመለሳል» አሉ።

ስዊች ከ2017 ጀምሮ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ በ1981 የወጣው ዋናው ዶንኪ ኮንግም በ2018 ወጥቶለታል። እናም ጌሙ በሩቅ ዞሮ ወደ ገዛ ሣጥኑ ገባ። ልብ በሉ፣ ሣጥኑ ለራሱ አእምሮ የለውም። አንድ ልጅ ከኪሱ ስዊቹን አውጥቶ መቆሚያው ላይ ካላስቀመጠለት ባዶ እንጨት ነው።

ተረኛው ማነው?

ባለፈው ቅዳሜ አምስቱ ልጆች ተጠሩ። ትልቁ እያመነታ ስዊቹን ሰጠ። መጀመሪያ ሁለቱ ቆሙ፤ ቀጥሎ አምስቱም ትከሻ ለትከሻ ተጋፉ። ጋሼ ሁለተኛ ሕግ ደነገጉ፦ የተሸነፈ ሰው «ተረኛው ማነው?» ብሎ በአማርኛ ካልጠየቀ ሌላ ዙር አያገኝም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ «ተራዬ ነው!»፣ «ውሸታም!»፣ «ቆይ እንጂ!» ቤቱን ሞላው። አዲስ አበባ ውስጥ ጆተኒ ዙሪያ ያደገ ሰው ያን ድምፅ ያውቀዋል። ጆተኒን ጨዋታ የሚያደርገው ከበው ተራ የሚጠብቁት፣ የሚተቹትና የሚያሾፉት ናቸው። ጋሼ ራሳቸው ሞክረው የመጀመሪያው በርሜል ጣላቸው። ልጃቸው ሲስቅ እርሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ «ተረኛው ማነው?» ብለው እንደ ሕጉ ጠየቁ።

ቡና ቤቱ ግን መዘጋቱ አልቀረም። በ1970 ከሴንትራል ዲስትሪክት ነዋሪ ከ70 በመቶ በላይ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በቤት ሽያጭ አድልዎ ሌላ ሰፈር እንዳይገዛ ተከልክሎ እዚህ የተሰበሰበ ሕዝብ። እኛንም ስደተኞቹን ያስጠጋን ይኸው ሰፈር ነው። ዛሬ ያ ቁጥር ከ20 በመቶ በታች ወርዷል። ኪራዩን ያልቻለ ሁሉ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሬኒየር ቫሊ፣ ወደ ስካይዌይ፣ ወደ ሬንተን ተበትኗል። ጋሼም ቤታቸው ታክዊላ ነው። ሣጥኑ በኪራይ መኪና ተጭኖ የሚሄደውም፣ የቀዮቹ ዘመዶቹ መጋዘን ወደነበረበት ወደዚያው ከተማ፣ ወደ ጋሼ ጋራዥ ነው።

እዚህ ልጆቹ በእግራቸው ይመጡ ነበር። እዚያ ወላጅ በመኪና ካላደረሳቸው አይመጡም። እንግዲህ ወላጆች፣ ነገሩ ያለው በእናንተ እጅ ነው። ጋሼ ልጆቹን በር ላይ ሲሸኟቸው ያሉትን ልንገራችሁና ላብቃ፦

«ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ ክፍት ነው። ሣጥኑ ከእኔ፣ አእምሮው ከእናንተ። ይዛችሁ ኑ!»