ልጅዎን ይላኩት፤ መንገዱን ግን እርስዎ ይምረጡ

ልጅ ለምርመራ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ራሱን ልጁን ነው። «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ስለው ግን ብዙ ጊዜ የሚመልሱልኝ እናቱ ናቸው። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሕመሙን ለመናገር የእናቱን ፊት ያያል። አንዳንዱ ዓይን አፋር ስለሆነ ነው፤ አንዳንዱ ግን ያለ ወላጁ ከሰው ጋር ተነጋግሮ ስለማያውቅ ነው።

ለዚህ የሚረዳው ልምምድ ከፋርማሲ አይገዛም። «እስኪ ጨው ገዝተህልኝ ና» ማለት ይበቃል። ሱቅ የተላከ ልጅ የተነገረውን በልቡ ይዞ ይሄዳል፣ ባለሱቁን ሰላም ይላል፣ መልስ ይቀበላል፣ ከረሳም መላ ይፈልጋል። ማስታወስ፣ ራስን መግዛትና ችግርን መፍታት የሚዳብሩት እንዲህ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ ሳያቦካ የለመደ እጅ ግን የለም።

በዕድሜው ልክ ይጀምሩ። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ጫማውን ያምጣ፣ ኩባያ ያቀብል። አራት አምስት ሲሞላው እርስዎ በር ላይ ቆመው እያዩት ለጎረቤት ዕቃ ያድርስ። ስድስት ሰባት ሲደርስ መንገዱን ሁለት ሦስት ጊዜ አብረውት ይሂዱና በዚያው ሰፈር ወዳለ ሱቅ ይላኩት። የሚገዛው ዕቃ ከሁለት አይብለጥ። ወንዱም ሴቷም እኩል ይላኩ፤ መላላኩ ግን የትምህርትና የጨዋታ ሰዓታቸውን አይውሰድ።

ትልቁ አደጋ መንገዱ ነው። እንደ አዲስ ቅዳም ባሉ ከተሞች ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት በመሀል ያልፋል፤ ከሰል የጫኑ ከባድ መኪኖችም ይመላለሱበታል። ትንሽ ልጅ የመኪናን ፍጥነትና ርቀት በትክክል መገመት አይችልም፤ ቁመቱም አጭር ስለሆነ ሹፌሩ በቀላሉ አያየውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በዓለም ላይ በብዛት የሚገድለው የትራፊክ አደጋ ነው። ስለዚህ ከ10 ዓመት በታች ያለን ልጅ አስፋልት አሻግረው ብቻውን አይላኩት። በገበያ ቀንም አብረውት ይሂዱ።

የማይላክባቸው ነገሮችም አሉ። ከጎረቤት ፍም መጫር ለቃጠሎ ያጋልጣል። ነጭ ጋዝ፣ በረኪናና መድኃኒት በልጅ እጅ አይያዙ። ለአረቄና ለሲጋራም አይላክ፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አልኮልና የትምባሆ ምርት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል። ወደ ወንዝና ጉድጓድ ብቻውን አይሂድ፤ ሲመሽም አይላክ።

ከመላክዎ በፊት ሙሉ ስሙን፣ የእርስዎን ስምና ስልክ በቃሉ ያስጠኑት። ማንም ቢጠራው ወደ ሰው ቤት እንዳይገባ፣ ያስፈራው ወይም ሰውነቱን የነካው ሰው ካለ ሳይደብቅ እንዲነግርዎ ያስረዱት። እንዲነግርዎ ከፈለጉ ግን ብር ሲጥል ወይም እንቁላል ሲሰብር አይምቱት። የተመታ ልጅ መደበቅን ይማራል።

ሦስት ዓመት ሞልቶት «ኩባያውን አምጣ» የሚለውን ያህል ቀላል ነገር የማይረዳ ልጅ ካለዎት ሰነፍ ነው ብለው አይለፉት። የመስማት ወይም የንግግር ችግር ሊኖርበት ስለሚችል ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ዛሬ አንድ ትንሽ ነገር ይላኩት። ሲመለስም ምን እንዳየ ይጠይቁትና እስኪጨርስ ያዳምጡት። የመንገዱን ወሬ መተረክ የለመደ ልጅ፣ ሲታመምም የሚያመውን ለሐኪሙ ራሱ ይናገራል።