አንድ ነገር በሦስት ቃል፦ ስለ እንግሊዝኛ ተመሳሳይ ቃላትና የቃላት ጨዋታ

በስደት የሚኖረው ምሁር እንግሊዝኛን በአብዛኛው የተማረው ከመጽሐፍ ነው። ስለሆነም በጽሑፍ የማይቸገረው ሰው በጎረቤትና በገበያ ንግግሩ ሲከብድ ይሰማል። ምክንያቱ በከፊል በቋንቋው ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዘ በኋላ፣ ገበሬው በቀድሞ ቋንቋው፣ መኳንንቱ በፈረንሳይኛ ሲናገሩ፣ ካህናቱና ሊቃውንቱ በላቲን ይጽፉ ነበር። የሦስቱም ቃላት ከጊዜ ብዛት በአንድ ቋንቋ ተደራርበው ቀሩ። እኛ «ንጉሣዊ» የምንለውን እንግሊዝኛ «ኪንግሊ»፣ «ሮያል» እና «ሪጋል» ይለዋል፤ ፊተኛው የአገሬው፣ ሁለተኛው የፈረንሳይኛ፣ ሦስተኛው የላቲን ነው። እንዲሁም «አስክ» የማንኛውም ሰው ጥያቄ ሲሆን፣ «ኢንተሮጌት» የመርማሪ ፖሊስን ጥያቄ ያስታውሳል። በአንጻሩ የሕግ ሰዎች «ዊል ኤንድ ቴስታመንት» ሲሉ አንዱን የአገሬውን፣ ሌላውን የላቲኑን ቃል ማጣመራቸው ነው እንጂ፣ ዛሬ ሰነዱ አንድ ኑዛዜ ነው። ሐኪሙ ፒተር ማርክ ሮዤ እ.ኤ.አ. በ1852 ያሳተመው ዝነኛ መድበል ቃላትን በሐሳብ ዝምድናቸው ይመድባል፤ ከመካከላቸው የመምረጡ ሥራ ግን የአንባቢው ነው።

ሌላው ከመጽሐፍ ብቻ የማይገኘው ጨዋታው ነው። «ዚግዛግ»፣ «ቺትቻት»፣ «ፒንግፖንግ» የሚሉትን እንመልከት። በፊደላችን ሥርዓት ብንናገር፣ ሣልሱ ይቀድማል፣ ራብዑ ወይም ሳብዑ ይከተላል፤ «ዛግዚግ» የሚል የለም። እኛም «ዝብርቅርቅ»፣ «ምስቅልቅል» እንላለን፤ ልዩነቱ እንግሊዝኛው አናባቢውን ሲለውጥ፣ አማርኛ የሥሩን ተነባቢዎች መድገሙ ነው። ሁለት ቃላትን አጣብቆ አንድ ማድረግም አለ፦ «ስሞክ» (ጭስ) እና «ፎግ» (ጉም) ተዋሕደው «ስሞግ»፣ ቁርስና ምሳ ማለት የሆኑት «ብሬክፋስት» እና «ላንች» ተዋሕደው «ብራንች» ሆነዋል። ሉዊስ ካሮል እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያሉትን ቃላት ሁለት ክፍል ባለው የመንገደኛ ሻንጣ መስሏቸዋል።

እንግዲህ ተመሳሳይ ቃል የሚፈልግ ሰው ረጅሙን ከመምረጡ በፊት ማን፣ ለማን፣ የት እንደሚለው መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ሞቱ» እና «አረፉ» ፍቺያቸው አንድ ቢሆንም፣ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው የትኛውን እንደሚል ያውቃል። በእንግሊዝኛም የሚያስፈልገው ይኸው ጆሮ ነው፤ የሚገኘውም ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ሰዎች ሲጫወቱ በማዳመጥ፣ ከሁሉም በላይ በቤታችን ካሉት ልጆች ነው።