የመኪና መብራት ጉድለት እንዴት ይፈለጋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፣ በመዘዞና በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚያመራው መንገድ ከእርሱ ይገነጠላል። አገሩ ከፍተኛ ደጋ በመሆኑ ጉም በድንገት መንገዱን ሲሸፍን ቀኑ እንኳ ይጨልማል። አንድ አሮጌ ቮልስዋገን ፀሐይ ስትጠልቅ ከመዘዞ ተነሥቶ ወደ ጣርማ በር ሲጓዝ የፊት መብራቱ ድርግም ቢልበት፣ ሾፌሩና ተሳፋሪዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ከብቶቹን እየነዳ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ገበሬም አደጋ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ የመብራትን ጉድለት ፈልጎ ማግኘት የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መኪናውን ከመንገድ ማውጣትና ከኋላ ለሚመጣው አንጸባራቂ ምልክት ማኖር ይገባል። ፍለጋው የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ፈላጊው በመጀመሪያ የኤሌክትሪክን ጉዞ ማወቅ አለበት። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ተነሥቶ በማብሪያው፣ በፊዩዙና በሽቦው በኩል አምፑሉ ዘንድ ይደርሳል። ጉዞው ግን በዚያ አያበቃም፤ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የመመለሻው መንገድ የመኪናው የብረት አካል ራሱ ሲሆን፣ መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ በወረሱት ቃል «ማሳ» ይሉታል። ከመሄጃውም ሆነ ከመመለሻው አንዱ ቢቋረጥ መብራቱ ይጠፋል።

ቀጥሎ ምልክቱን አስተውሉ፤ ምልክቱ ምክንያቱን ይጠቁማልና። ከሁለቱ የፊት መብራቶች አንዱ ብቻ ከጠፋ፣ ባትሪውና ማብሪያው ደኅና መሆናቸውን ሌላው መብራት ይመሰክራል፤ ስለዚህ የጠፋውን መብራት አምፑል፣ ፊዩዝ፣ ሽቦና ማሳ መርምሩ። ሁሉም መብራቶች በአንድ ጊዜ ከጠፉ ግን ጉድለቱ ሁሉም በሚጋሩት ቦታ፣ ይኸውም በባትሪው፣ በባትሪው ማሰሪያ ወይም በዋናው ሽቦ ላይ ነው። መብራቱ ሳይጠፋ ከደበዘዘ ዝገትን ወይም የላላ ማሰሪያን ጠርጥሩ። ፍሬቻ ሲበራ የኋላው መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ማሳው ተበላሽቶ ኤሌክትሪኩ በሌላ አምፑል በኩል መመለሻ እየፈለገ ነው ማለት ነው።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ሁለት ሽቦ የተበጀለት ትንሽ የመሞከሪያ አምፑል ይበቃል። አንዱን ሽቦ ንጹሕ በሆነ የመኪናው ብረት ላይ አስነኩ፤ ማብሪያውን ካበራችሁ በኋላም ሌላውን ከባትሪው ጀምራችሁ በየመጋጠሚያው እያስነካችሁ ወደ መብራቱ ተጓዙ። መሞከሪያው በአንዱ ቦታ በርቶ በሚቀጥለው ካልበራ ጉድለቱ በሁለቱ መካከል ነው። እስከ መብራቱ መቀበያ ድረስ እየበራ ከደረሰ ግን አምፑሉ ተቃጥሏል፤ አለዚያም ማሳው ተቋርጧል።

የዝገት ጉዳት በአሮጌ መኪናዎች ላይ ለምን እንደሚብስ በቁጥር ማሳየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠሩት ቮልስዋገኖች ባለ 6 ቮልት ነበሩ። ባለ 45 ዋት አምፑል በ6 ቮልት ሲሠራ 7.5 አምፔር፣ በ12 ቮልት ሲሠራ ግን 3.75 አምፔር ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ ከባለ 6 ቮልቱ መኪና 1 ቮልት የሚሰርቅ ዝገት ከባለ 12 ቮልቱ የሚሰርቀው ግማሽ ቮልት ያህል ነው። የመጀመሪያው ከኃይሉ ስድስተኛውን እጅ ሲያጣ፣ ሁለተኛው የሚያጣው ሃያ አራተኛውን ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ አዲስ አምፑል ከመግዛት ይልቅ መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ ማጥበቅ የሚበጀው ስለዚህ ነው።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ ልብ በሉ። በአሮጌው ቮልስዋገን ነጩ ፊዩዝ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ይችላል። ፊዩዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ፣ ልባሱ የተላጠ ሽቦ የመኪናውን ብረት እየነካ መሆኑን ያስታውቃል። አንዳንድ ሰው ግን ተቸኩሎ ፊዩዙን በሲጋራ ብርማ ወረቀት ይጠቀልለዋል። መብራቱ ለጊዜው ይበራ ይሆናል፤ ነገር ግን ፊዩዙ ሊቃጠል ሲገባው ሽቦው ይግላል፤ ከሽቦውም እሳት ወደ መኪናው ይዛመታል። ፊዩዝ ተቃጥሎ መኪናውን የሚያድን ዘብ ነው፤ ዘቡን የሚያስር ሰው ቤቱን ለሌባ ክፍት እንደ ተወ ይቆጠራል።

እንግዲህ ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ምልክቱን ማየት፣ ምክንያቱን መገመት፣ ግምቱን በሙከራ ማረጋገጥ፣ ከዚያም መጠገን። ይህን ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ሰው በእጁ ትንሽ መሣሪያ ቢኖረውም ጉድለቱን ያገኛል፤ የማይጠብቅ ግን ደኅናውን ሲፈታ ይመሽበታል።