ጦስኝ፦ ክዳን የሚፈልግ ሻይ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲኬድ፣ ጣርማበር ላይ ብርዱ አጥንት ዘልቆ ይገባል። ከመኪና ወርዶ እግሩን የሚያፍታታ መንገደኛ ድንጋዩ መሐል መሬት ለመሬት የሚሳበውን ትንሽ ተክል ሳያየው ቢረግጠው እንኳ ሽታው ይነግረዋል። ጦስኝ ደጋ ወዳድ ነው። ከ2,200 ሜትር አካባቢ ጀምሮ እስከ ባሌ ተራሮች ውርጭ ድረስ ይበቅላል፤ አበባው ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ ነው። በሳይንስ ስሙ ታይመስ ሺምፐሪ ይባላል። ሺምፐር በ1837 እ.ኤ.አ. ዕፅዋት ሊሰበስብ መጥቶ፣ አገሩን ወድዶ የቀረ ጀርመናዊ ነው። በዘመኑ የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ የእንጢጮን ግዛት ሾመውት ነበር፤ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ ወደ አውሮፓ የላከው የደረቀ ቅጠል ስፍር ቁጥር የለውም።

ሽሮና በርበሬ ውስጥ ጦስኝን የማያውቅ ባለሙያ የለም። ሻይ ሲሆን ግን ይበደላል። ከነውሃው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይገባና ክዳን ሳይደረግበት ሩብ ሰዓት ይንተከተካል። ቤቱ ይታወዳል፣ ጎረቤት ሳይቀር ያመሰግናል። ያ ሁሉ መዓዛ ግን ብርጭቆ ውስጥ መግባት የነበረበት ነው።

ነገሩ ቅጠሉን ጠጋ ብሎ ላየ ግልጽ ነው። አንዷን ቅጠል ወደ ብርሃን ቢያነሷት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታዩባታል፤ ዘይት የቋጠሩ ከረጢቶች ናቸው። የጦስኝ ጉልበት ያለው እዚያ ነው። በዘይቱ ውስጥ ዋነኞቹ ታይሞልና ካርቫክሮል ሲሆኑ፣ ታይሞል በአንዳንድ የአፍ መጉመጥመጫዎች ውስጥም ይገባል። የሁለቱ መጠን እንደ አበቃቀሉ ቦታ ስለሚለያይ፣ ያንዱ አገር ጦስኝ ጉሮሮ ቆንጠጥ ሲያደርግ የሌላው ለስለስ ይላል። ዘይቱ በቀላሉ ከእንፋሎት ጋር ተንኖ ይሄዳል፤ ባልተከደነ ዕቃ ሲንተከተክ የሚቀረው ቀለሙና ምሬቱ ነው።

ስለዚህ ውሃው ለብቻው ይፈላና ከእሳት ይወርዳል። ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ በጣት ፈተግ ተደርጎ ይጨመርና ወዲያው ይከደናል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ ላይ የተንጠለጠለውን ጠብታ መልሶ ማራገፍ ነው፤ ዘይቱ እዚያም አለ። ከዚያ አጥልሎ መጠጣት። ዝንጅብልና ቀረፋ የሚወድ ሰው ደግሞ እነሱን አስቀድሞ 10 ደቂቃ ያህል ያፍላ። ሥርና ቅርፊት ጠንካራ ስለሆኑ ያላቸውን የሚሰጡት በእሳት ነው፤ ጦስኙ የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ያገኙትን ቅመም ሁሉ አንድ ላይ መዘፍዘፍ ግን፣ ለእኔ፣ የትኛውንም በወጉ አለመቅመስ ነው።

ምን ይፈውሳል? ገበያ ላይ ጠይቀው የማይፈውሰውን ማግኘት ይቸግራል፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ጨጓራ፣ ሁሉም አለበት። በአውሮፓ የጦስኝ ዘመድ የሆነው ታይም በመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ዘንድ የታወቀው፣ ከረዥም ጊዜ ልማድ በመነሳት፣ ለጉንፋንና አክታ ላለው ሳል ማስታገሻነት ነው። ይህ ለአንድ ቅጠል ትንሽ አይደለም። የግፊት ኪኒኑን ጥሎ ጦስኝ የያዘ ሰው ግን ግፊቱን ያለ ጠባቂ ትቶታል። ነፍሰ ጡር ወጥ ውስጥ ያለው አያሳስባት፤ ጠንከር ያለውን ሻይ በየቀኑ ከመጠጣቷ በፊት ግን ሐኪሟን ትጠይቅ። ጤና አዳም ሻይ ግን ለነፍሰ ጡር ጨርሶ አይሰጥም። ማር ጥሩ ማጣፈጫ ነው፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን፣ ሳል ቢያስጨንቀውም፣ ማር አይቀመስም፤ አንጀቱ ውስጥ አድጎ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

ውጭ አገር ሆኖ ከአገር ቤት የመጣው ያለቀበት ሰው ከሱፐርማርኬት ታይም ገዝቶ በዚሁ መንገድ ቢያዘጋጅ ያስኬደዋል። የእኛው ኃይለኛነት ቢጎድለውም ሥጋ ዘመድ ነው።

ሲገዙ ዘለላውን በመዳፍ ማሸት ነው። ሽታው ፈጥኖ ካልተነሳ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ነው፤ ጦስኝ ጥላ ላይ ደርቆ፣ በሚከደን ብርጭቆ ዕቃ፣ ጨለማ ቦታ ይቀመጣል። ዘለላው ከነሥሩ ከሆነ ደግሞ ዓይንን ገለጥ ማድረግ ያሻል። ብዙው ጦስኝ የሚለቀመው ከዱር ነው፤ በማጭድ ወይም በመቀስ የተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ የተነቀለ አይመለስም። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው በራሱ ግቢ ሊሞክረው ይችላል። መሬት ነክቶ ሥር ያወጣ ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኝበት መትከል ነው። ውሃ ሲበዛበት ሥሩ ስለሚበሰብስ አፈሩ ደረቅ ሳይል ማጠጣት አያስፈልግም።