ሁለት ባላ በአንድ ላፕቶፕ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምክር አሮጌ ላፕቶፕ ለያዘ ተማሪና ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ ከምን ጊዜውም ይበልጥ የሚስማማ ሆኖ እናገኘዋለን። እንደሚታወቀው ዊንዶውስ 10 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ተቋርጧል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የጥበቃ መሣሪያና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ገና ሥራ የሚችል ብዙ ላፕቶፕ ከደጅ ቀርቷል። አዲስ እንግዛ ቢባልም የጀማሪ ደመወዝ ከቤት ኪራይና ከቀለብ ተርፎ እዚያ አይደርስም።

ለዚህ ችግር ብዙዎች የመረጡት መፍትሔ ዊንዶውሱን ሳያፈርሱ ከጎኑ ሊኑክስን መጫን ነው። ሊኑክስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1983 ዓ.ም. በ21 ዓመት ዕድሜው ለሕዝብ ያስታወቀው ሥራ ነው። ዛሬ በነጻ ከሚታደሉት ዓይነቶቹ አንዱ በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ አነሣሽነት በ1997 ዓ.ም. የወጣው ኡቡንቱ ሲሆን፣ አቅሙ ለደከመ ላፕቶፕ ዙቡንቱና ሉቡንቱ የሚባሉ ቀለል ያሉ ወንድሞች አሉት። ሁለቱን አጎራብቶ የያዘ ሰው ኢንተርኔት የሚነካውን ሥራ እድሳት በሚያገኘው በሊኑክስ ይሠራል፤ በዊንዶውስ ብቻ የሚሄድ የመሥሪያ ቤት ፕሮግራም ሲያጋጥመው ወደ ነባሩ ይመለሳል።

ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ የተሰማራ ሁሉ ያለ ችግር አይወጣውም። አንዳንዱ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል፤ አንዳንዱም ፋይሉን ሁሉ አጥቶ ያዝናል። ጥፋቱ ዘወትር የሚላከከው በላፕቶፑ እርጅና ነው። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምረው፣ አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ሁለት ባለርስት በአንድ መሬት ላይ ሲሰፍሩ ወሰናቸው አስቀድሞ ባለመለየቱ ነው እንላለን።

የመጀመሪያው መሰናክል የክፍልፋዮች ቍጥር ነው። በቀድሞው ሥርዓት የተሰናዳ ዲስክ የክፍሎቹን መዝገብ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ 512 ባይቶች ውስጥ ነው። ከዚህም ለመዝገቡ የተመደበው 64 ባይት ብቻ ስለሆነ፣ ለያንዳንዱ ክፍል 16 ባይት ሲደርስ ከአራት ክፍል በላይ አይበቃም። በዊንዶውስ 7 ዘመን ከተሸጡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ አራቱንም ቦታ ከፋብሪካው ሞልተው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ባለቤቱ ከሲ ድራይቭ ላይ 40 ጊጋባይት ቢያስለቅቅም፣ የሚጭነው ፕሮግራም ባዶውን ቦታ እያየ «አይሆንም» ይለዋል። ዊንዶውሱ በዚህ ጊዜ ዲስኩን «ዳይናሚክ» ላድርገው ብሎ ይጠይቃል፤ ይህን መፍቀድ ነገሩን ያባብሳል እንጂ አያቀልም። ትክክለኛው መንገድ ከአራቱ አንዱን፣ ለምሳሌ የፋብሪካውን መገልገያዎች የያዘውን ትንሹን ክፍል፣ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ መሰረዝ ነው። በተለቀቀው መዝገብ «ኤክስቴንድድ» የተባለው ክፍል ይከፈታል፤ በእርሱም ውስጥ ብዙ ክፍሎች ስለሚያድሩ ሊኑክስ ያለ ቅሬታ ይሰፍርበታል።

ሁለተኛው የበሩ ነገር ነው። ላፕቶፕ የሚነሣባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አሮጌው ባዮስና አዲሱ ዩኢኤፍአይ። ነባሩ በአንዱ፣ አዲሱ በሌላው መንገድ ከተጫኑ አንዱ ሌላውን በምርጫ ዝርዝሩ አያሳይም፤ ባለቤቱም ዊንዶውሱ የጠፋ መስሎት ይደነግጣል። እንዲሁም ዊንዶውስ ኋላ የተጫነ እንደሆነ የሊኑክስን በር ጠባቂ አስወጥቶ እርሱ ይቀመጣል። ስለሆነም ዊንዶውስ ይቅደም፤ ሊኑክስ ይከተል። ሥርዓቱ ተዛንፎ ቢገኝም ሊኑክሱ ከነፋይሉ በቦታው ስላለ፣ በፍላሽ አስነሥቶ በር ጠባቂውን መመለስ ይቻላል። ፎርማት ለማድረግ መቸኰል አይገባም።

ሦስተኛው ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የመጣው ፈጥኖ የመነሣት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ላፕቶፑ የተዘጋ ይመስላል እንጂ ዊንዶውሱ ያንቀላፋል። ሊኑክስ ያንቀላፋውን ሰው ዕቃ አልነካም በማለት የዊንዶውሱን ክፍል ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፤ አንዳንዴም ጨርሶ እንቢ ይላል። ዘዴውን ከዊንዶውሱ ማስተካከያ ውስጥ ማጥፋት ይበቃል።

የሰዓት ነገርም አለ። ሊኑክስ የላፕቶፑን የውስጥ ሰዓት በዓለም አቀፉ መለኪያ ያስቀምጣል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ ያገር ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። አገራችን ከመለኪያው በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ የተመለሰ ሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ላፕቶፑ ገና ከጧቱ 1 ሰዓት ሲል ያገኘዋል። ይህ የባትሪ ማለቅ ስላልሆነ ወደ ጥገና መሮጥ አያሻም፤ ከሁለቱ ሲስተሞች አንዱን በማስተካከል ብቻ ይታረማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሊኑክሱን ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ስክሪኑ መሥራታቸውን መመርመር ብልኅነት ነው። ይህ ዲስኩን ሳይነካ በአንድ ሰዓት ጊዜ የሚፈጸም ሙከራ ነው።

በመጨረሻም ወጣቱ እንዲያስብበት የምንሻው አንድ ነገር አለ። ሁለቱ ባላዎች የተተከሉት በአንድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ የተሰበረ ቀን ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ። ሁለተኛው ሲስተም የላፕቶፑን ዕድሜ ያረዝማል እንጂ የመመረቂያ ጽሑፍን ወይም ያመት ሪፖርትን ከጥፋት አይጠብቅም። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዛሬ ቢበላሽ ነገ ተመልሶ ይጫናል፤ የሁለት ዓመት ጥናት ግን ከየትም አይወርድም። ስለዚህ ክፍልፋዩን ለመንካት እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ሰነዱን በሌላ ዲስክ ይገልብጥ፤ ቅጂውም ተከፍቶ መነበቡን በሌላ ኮምፒዩተር ያረጋግጥ። ይህን ያደረገ ሰው ሥራው ቢሰናከልበት የሚከስረው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።